የሱ ይበልጣል

የፍትሕ ትምህርት የሚጀምረው በዳቦ ነው። ሕፃን ልጅ "መብት" የሚለውን ቃል ከመስማቱ፣ "አድልዎ" የሚለውንም አስተካክሎ ከመጥራቱ ከብዙ ጊዜ በፊት የወንድሙ ቁራሽ ከእሱ ቁራሽ በግማሽ ጣት እንደሚበልጥ በዓይኑ ለክቶ ያውቃል። ሚዛን አያሻውም። የመርካቶ ነጋዴ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰፍር ኖሮ የሚያገኘውን የዓይን ልክ የአራት ዓመት ልጅ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣ ይመስላል። ክሱም አጭር ነው፤ "የሱ ይበልጣል!"

ለዚህ ክስ በየቤቱ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ "እኩል ነው፣ ዝም ብለህ ብላ።" እናት ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ከትልቁ ቁራሽ ቆንጠር አድርጋ በትንሹ ላይ ትጨምራለች። በዚህች ቁንጣሪ ልጁ ሁለት ነገር ይማራል። ቁራሾቹ እኩል አልነበሩም፤ እኩል አለመሆናቸውን የሚያውቅ ትልቅ ሰውም "እኩል ነው" ሊል ይችላል። የተቆነጠረበት ልጅ ደግሞ በተራው ማልቀስ ይጀምራል። ቁራሹ አሁን ከወንድሙ ጋር ተስተካክሏል፤ የሚያለቅሰው ከወንድሙ ስላነሰ ሳይሆን ከቅድሙ ስላነሰ ነው። በትልልቆቹም ዓለም ቢሆን እኩልነት ሲመጣ የሚከፋው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያለቅሰው ይህንኑ ልቅሶ ነው።

ሙግት በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ እንደ ሙያ የሚቆጠርበት ዘመን ነበር። በድሮው ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ በቃል ሲፋለሙ መንገደኛው ጉዳዩን ትቶ ያዳምጥ ነበር፤ ዛፍ ሥር ተቀምጠህ ፍረድ ቢባልም እምቢ አይልም። "በሕግ አምላክ!" የተባለ ሰው ያነሣውን እግር መልሶ ሳያሳርፍ ይቆማል ይባላል። የዛሬ ልጅ "በሕግ አምላክ" ስለተባለ ሩጫውን አያቆምም። የሙግቱ ወኔ ግን አልጠፋም፤ ችሎቱ ከዛፍ ሥር ተነሥቶ ሳሎን ገብቷል፤ ዳኛዋም ወጥ እያማሰለች ነው ፋይሉን የምትሰማው።

"በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች" የሚለው ተረት በአዛውንት አፍ ይነገር እንጂ ባለቤቶቹ ልጆች ናቸው። በዕጣ ተሸንፎ ሙሉ ብስኩት ያጣ ልጅ ጥቂት አኩርፎ ይረሳዋል። "እስቲ ልቅመስልህ" ተብሎ የተገመጠበት ሩብ ብስኩት ግን እስከ ማታ ያንገበግበዋል፤ አባት ከሥራ ሲመለስ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ይነገረዋል፤ በዓመቱም በሌላ ክስ ውስጥ እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ልጅን የሚያስቆጣው ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ያጣበት መንገድ ነው። ይህን የተረዳ ወላጅ ከግማሹ ልቅሶ ይገላገላል፤ ውሳኔውን ከመናገሩ በፊት ደንቡን ይናገራላ።

ደንቦቹ ብዙ አይደሉም። ተራ አለ፤ ዕጣ አለ፤ በታላቅነት አለ፤ በታናሽነት አለ። በታላቅነት የሚባለውን የፈጠሩት የበኩር ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሌላ ጠበቃ የለውምና። ተራ ለመኪና ጋቢና ይሠራል። ዛሬ ጋቢና የተቀመጠው ነገ ከኋላ ይሆናል፤ ችግሩ ዛሬ የተሄደው እስከ ሱቅ ሆኖ ነገ የሚኬደው ደብረ ዘይት የሆነ እንደሆነ ነው። ከሁሉም የከበረው ደንብ ግን አንዱ ቆርሶ ሌላው እንዲመርጥ የሚያደርገው ነው። አብርሃምና ሎጥ መንጋቸው በዝቶ ምድር ባልበቃቸው ጊዜ አብርሃም ምርጫውን ለሎጥ መስጠቱ ከዚሁ ይቀራረባል፤ ሎጥም የወንድም ልጅ ነውና እንደ ልጅ የለመለመውን መረጠ።

ቢላ ተሰጥቶት "አንተ ቁረስ፣ እሷ ትመርጣለች" የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥም የማይገኝ ጥንቃቄ ያሳያል። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ያወጣል። ድፎውን በጣቱ ይለካል፤ ጣቱን አያምንምና በእርሳስ ይለካል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ቅርፊቱ በአንድ በኩል በርትቶ ስለ ጋገረ ቢላዋውን ወደ ግራ ይገፋዋል፤ መልሶ ወደ ቀኝ። በመጨረሻ ቆርሶ ወደ ኋላ ይልና ሥራውን ያያል። ከዚያ የመራጯ ተራ ይደርሳል። እሷ ደግሞ ሁለቱን ቁራሾች አንሥታ በሁለት እጇ ትመዝናለች፣ ታሸታለች፣ ጥቁር አዝሙድ ትቆጥራለች። ሻዩ ይቀዘቅዛል። ያን ቀን ግን "የሱ ይበልጣል" የሚል አይኖርም። ዘዴው እንከን ያለው ልጆቹ ሦስት ሲሆኑ ነው፤ የሒሳብ ሊቃውንትም ለሦስትና ከዚያ በላይ ለሆነ ተካፋይ ቅር የማይል ክፍፍል ሲፈልጉ ብዙ ወረቀት ጨርሰዋል።

ልጆች ለድርሻ ያላቸውን ስሜት በጥንቃቄ ከመረመሩት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ በካናዳ፣ በአሜሪካ፣ በሜክሲኮ፣ በፔሩ፣ በሴኔጋል፣ በኡጋንዳና በሕንድ ከ4 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ጥንድ ጥንድ አድርገው ፊት ለፊት አስቀመጡ። በመካከላቸው ባለ መሣሪያ ላይ የሚበላ ነገር ይደረጋል፤ አንዳንዴ እኩል፣ አንዳንዴ ለአንዱ አንድ ለሌላው አራት። ከሁለቱ አንዱ ወሳኝ ነው። አረንጓዴውን እጀታ ከሳበ ሁለቱም የደረሳቸውን ይወስዳሉ፤ ቀዩን ከሳበ ሁለቱም ያጣሉ። ለራሳቸው አንድ፣ ለባልንጀራቸው አራት ሲደርስ በሰባቱም አገሮች ልጆች ቀዩን ይስቡ ነበር። እኔም ልጣ፣ እሱም ይጣ ነው ነገሩ። ለራሳቸው አራት፣ ለባልንጀራቸው አንድ ሲደርስስ? ይህንን እምቢ ማለት በግልጽ የታየው በሦስቱ አገሮች፣ በካናዳ፣ በአሜሪካና በኡጋንዳ ብቻ ነው፤ እዚያም ከፍ ባሉት ልጆች ዘንድ።

ኢትዮጵያ ከሰባቱ ውስጥ የለችም። በየሳሎኑ በየቀኑ የሚካሄደውን ተመሳሳይ ሙከራ የሚመዘግብ ስላልተገኘ እንጂ ውጤቱን የማታውቅ እናት የለችም።

ከዚህ ተነሥቶ የትምህርቱን ቦታ መለየት ይቻላል። "የሱ ይበልጣል" የሚለውን ለልጅ ማስተማር ለአሣ ዋና እንደ ማስተማር ነው። የሚያስተምሩት "የሱ ያንሳል" የሚለውን ነው። ይኸውም የራስን ሳህን ሞልቶ እያዩ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳያለቅስ የሚነገር ቃል ነው። አስቸጋሪነቱ ግልጽ ነው። የሚያንሰው ሰው ልቅሶ ይሰማል፤ የሚበዛለት ሰው ዝምታ ግን ሰላም ይመስላል። ልጁ ስላላለቀሰ ሁሉም ነገር ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል። እንዲያውም አድልዎ በአንድ ቤት ውስጥ ረጅም ዕድሜ የሚያገኘው ክፋት ስላለ ሳይሆን፣ የሚጠቀመው ሰው ጸባየኛ ስለሆነ ነው።

ደግሞም ሳህኑን የያዙት ትልልቆቹ ናቸው። በዓል ሲደርስ ዶሮው በ12 ብልት ይበለታል። ብልቶቹ ግን ለ12 ዜጎች እኩል የተመደቡ አይደሉም፤ ፈረሰኛው የአባወራው ነው፣ እንግዳ ካለ የእንግዳው፤ አንገትና ክንፉ ወደ ልጆቹ ይወርዳል። ማን ምን እንደሚበላ የተጻፈ ነገር የለም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል፤ ጭልፋዋም ታውቀዋለች። በዶሮ ወጥ ውስጥ ያለው ብቸኛው ዴሞክራሲያዊ ተቋም እንቁላሉ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ። ለዚህም ይመስላል ልጆች ከወጡ አስቀድመው እንቁላሉን የሚቆጥሩት።

ነገሩ እዚህ ላይ ይጠማዘዛል፤ እኩል ማለት አንድ ዓይነት ማለት እንዳልሆነም ማስተማር አለና። ትኩሳት የያዘው ልጅ ሚሪንዳ ይገዛለታል፣ ብርቱካን ይላጥለታል፣ ሶፋው ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ቴሌቪዥን ያያል። ጤነኞቹ እህትና ወንድም በር ላይ ቆመው ይህን የመሰለ ግፍ ያያሉ። "ታሞ እኮ ነው" ይባላሉ። የተሰጣቸው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ለሚያስፈልገው የሚያስፈልገውን መስጠት አድልዎ አይደለም። ልጆቹም ትምህርቱን በፍጥነት ይቀበሉታል፤ በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ሆዳቸውን ያማቸዋል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሙቀት መለኪያ ጉዳይ ነው። መንግሥታትም ድጎማ ባወጁ ቁጥር በዚሁ ጎዳና ያልፋሉ።

ከቤት ቀጥሎ ሰፈር ነው። ከካልሲ በተሠራ ኳስ በሚካሄድ ግጥሚያ ውስጥ የንብረት መብትና የብዙኃን ድምፅ በየቀኑ ይጋጫሉ፤ የኳሱ ባለቤት መጫወት ባይችልም ይጫወታል፣ ጎል ሲገባበት "አልገባም" ይላል፣ ካልተስማሙለት ኳሱን በብብቱ ይዞ ይሄዳል። ስዊሳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ስለ ልጆች የሞራል ፍርድ ባሳተመው መጽሐፍ የብይ ጨዋታን መነሻ አድርጎ ነበር። ትንንሾቹ ደንብን ከላይ እንደወረደ፣ የማይነካ ነገር አድርገው ያዩታል፤ ትልልቆቹ ግን ተጫዋቾቹ ተስማምተው ያወጡት፣ ሲስማሙም የሚለውጡት መሆኑን ይደርሱበታል። የኳሱ ባለቤት ይዞት በሄደ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች ሕገ መንግሥታቸውን ያሻሽላሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ካልሲ የሚዋጣው ከሁሉም ቤት ይሆናል። ሕግ የጋራ የሚሆነው ካልሲው የጋራ ሲሆን ነው።

ሁለት አለቆች ተራ በተራ ልጅ እየመረጡ ቡድን ሲያወጡ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። መጨረሻ የሚቀረው ልጅ "ለናንተ ይሁን"፣ "አይ፣ እናንተ ውሰዱት" እየተባለ በመካከል ይቆማል። ይህን የቀመሰ ልጅ መገለል ምን እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም። አንድ እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ ካለ አንዳንዴ ዳኛ ያደርጉታል። ይህም ከመገለል የሚቆጠር ነው፤ ይሁን እንጂ ፔናሊቲ የመስጠት ሥልጣን በአፉ ፉጨት ላይ መሆኑን ከተረዳ በኋላ እንዴት እንደሚጠራና ከየትኛው ስድብ መቆጠብ እንደሚሻል ሜዳው ሁሉ ያውቃል።

ትምህርት ቤት የራሱ ፍርድ ቤት አለው። መምህሩ ሲወጡ የክፍሉ አለቃ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት ይቆምና "ረባሽ" ብሎ ጽፎ ከሥሩ ያሰምርበታል። ይህ ባለሥልጣን የ11 ዓመት ሰው ነው። ሕግ አውጪው፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉና መዝገብ ቤቱ እሱው ነው። ስሙ የተጻፈ ልጅ በወሬው ከቀጠለ በስሙ ጎን ኤክስ ይጨመራል፤ ሁለት ኤክስ፣ ሦስት ኤክስ። የቅርብ ጓደኛው አንድም ቀን አይጻፍም። ሳንቡሳ ያካፈለው ልጅ ስም በእጅጌ ይጠረጋል፤ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የሚቀረው ነጭ ጭስ የመሰለ ደብዛ የመጀመሪያው የሙስና ማስረጃ ነው። መምህሩ ተመልሰው ዝርዝሩን ያነባሉ፤ ማን ጻፈ፣ ለምን ተጻፈ የሚል ጥያቄ የለም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዝርዝርም አያስፈልግም፤ ያወራው ካልተገኘ ክፍሉ በሙሉ ይንበረከካል፤ አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ የነበረው ልጅም አብሮ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ጉልበት የአካል ክፍል መሆን አለመሆኑ አከራካሪ አይመስልም።

ልጅ ከትልቅ ሰው የሚማረው ከሚነገረው ይልቅ ከሚያየው ነው ሲባል ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የሳህን ማጠቢያው ነው። "ሴትና ወንድ እኩል ናቸው" የሚል ወላጅ ዛሬ በከተማ ብዙ ነው። ምሳ ሲያልቅ ግን ልጅቷ ሳይነገራት ትነሣለች፤ ወንድሟ ሳይነገረው ይቀመጣል። "ለምን እኔ ብቻ?" ብትል "አንቺ ሴት ነሽ" ትባላለች፤ ይህም እንደ ምክንያት ተቆጥሮ መዝገቡ ይዘጋል። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" የሚለውን ተረት አያት ትተርታለች። የሚገርመው በቤቱ ውስጥ ያለው ማንኛውም ከባድ ነገር በአያት ቃል የሚያልቅ መሆኑ ነው። አባት አንድ ቀን እጅጌውን ሰብስቦ ማጠቢያው ጋ የቆመ እንደሆነ ትንሹ ልጅ ደንግጦ ይመጣና "እማዬ ታመመች እንዴ?" ይላል። የአገሩ ሕግም ቢሆን ለመንቃት ጊዜ ወስዶበታል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18 ዓመት፣ ለሴት 15 ዓመት የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር፤ ሁለቱም 18 የሆኑት በ1992 በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው። በመካከሉ 40 ዓመት አለ፤ ሳህን ሁሉ ታጥቦ የሚያልቅበት ጊዜ ነው።

ቃላት ከሳህን የከፉ ናቸው፤ አይታጠቡምና። ልጅ ስድብን የሚሰበስበው ትርጉሙን ሳያውቅ ነው። "ዲቃላ" የሚለው ልጅ ስለ ጋብቻ ሕግ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሕገ መንግሥቱ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ከሌላው እኩል መብት አለው ማለቱንም አልሰማም። ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን "ቡዳ" ብሎ የሚሸሽ ልጅም ከሰማው ነው የተቀበለው። በዚያ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት የተሠራ ወጥ በልቶ፣ ቀጥቃጩ ባበጀው ማረሻ የታረሰ ጤፍ ጎርሶ፣ ጠግቦ ነው የሚሸሸው። ዐፄ ምኒልክ ባለእጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ነጋሪት ተጎስሞለት በአደባባይ ተሰማ፤ ስድቡ ግን ነጋሪት ስለማያስፈልገው በየምድጃው ዙሪያ ቀጠለ። በዚህ ረገድ "እንዲህ አይባልም" የሚለው ቁጣ ብቻውን ብዙ አያራምድም። "ይህን ድስት ማን ሠራው?" የሚለው ጥያቄ ይሻላል፤ ልጅ ማብራሪያ ይጠላል እንጂ ነገር ሲሠራ ማየት ይወዳል፤ አፈሩ ተረግጦ፣ ተለንቅጦ፣ ክብ ሆኖ ሲነሣ ቆሞ ያየ ልጅ ደግሞ በእሷ እጅ መቅናቱ አይቀርም።

የመልክ ጉዳይም አለ። አማርኛ ለቆዳ የሚሆን ሰፊ መዝገብ አለው፤ ቀይ፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ጥቁር። ሰፈር ውስጥ "ቀዮ" ተብላ የተጠራች ልጅ ፈገግ ትላለች፤ "ጥቁሩ" የተባለው ልጅ ፈገግታ ግን ተጠንቶ የመጣ ነው። ይህን መዝገብ ሻንጣ ውስጥ ከትተው አሜሪካ የገቡ ወላጆች አንድ ቀን ይቸገራሉ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት መጥቶ "እኔ ጥቁር ነኝ?" ይላል። አባት "አይ፣ አንተ ጠይም ነህ" ይላል፤ እናት "ሀበሻ ነህ በለው" ትላለች። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ልጁ የጠየቀውን አልመለሱም። ልጁ የጠየቀው ስለ ቀለም አልነበረም፤ ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ለምን አላጫወቱኝም ነው ያለው። ይህ ጥያቄ በሰፈሩ ሜዳ ላይ "ለናንተ ይሁን" ከተባለው ልጅ ጥያቄ ጋር አንድ ነው።

መገለልን በንግግር ሳይሆን በማቅመስ ለማስተማር የሞከረች አንዲት መምህርት ስሟ ሳይነሣ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማግስት፣ አይዋ በተባለው የአሜሪካ ግዛት ራይስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የምታስተምረው ጄን ኤሊየት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቿን በዓይን ቀለማቸው ለየቻቸው፤ ሰማያዊ ዓይን በአንድ ወገን፣ ቡናማ ዓይን በሌላው። አንዱ ወገን ብልህና ንጹሕ ነው ተባለ፤ ረጅም ዕረፍትና ተጨማሪ ምግብ ተፈቀደለት። ሌላው ወገን ሰነፍ ነው ተባለ። በሚቀጥለው ዙር ነገሩን ገለበጠችው። የበላይ የተባሉት ልጆች ባልንጀሮቻቸውን ለማዋረድ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም፤ የበታች የተባሉት ደግሞ ሌላ ጊዜ የሚችሉት ትምህርት ያቅታቸው ጀመር። ሙከራዋም እ.ኤ.አ. በ1970 በፊልም ተቀርጾ በቴሌቪዥን ታየ። ሕፃን ልጅን እያዋረዱ ማስተማር ይገባል ወይ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ከከተማዋ ሰዎች ግን በሌላ ምክንያት የተቆጡም ነበሩ፤ ስማችንን አጠፋች ብለው።

ይኸው ሙከራ ኢትዮጵያ ውስጥ ባለ ክፍል ቢካሄድ መምህርቷ ትቸገር ነበር፤ ልጁ ሁሉ ዓይኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ወገን ይቀመጣል። ብዙ ሳይቆይ ግን መለያ አይጠፋም። ዩኒፎርሙ አዲስ የሆነና የደበዘዘ አለ፤ በምሳ ዕቃው እንቁላል ያመጣና ሽሮ ያመጣ አለ፤ አባቱ በመኪና የሚያደርሰውና በእግሩ የሚመጣ አለ፤ በግራ እጁ የሚጽፍ አለ፤ ንግግሩ ከሌላ ክልል መምጣቱን የሚያሳብቅበት አለ። ኅዳር 29፣ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ዕለት፣ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብሎ ይከበራል፤ ልጆች የየብሔረሰቡን ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ። ልብሱ የሚታደለው ባለው መጠን ስለሆነ፣ ዘሩን የማያውቅ ልጅ ላባ ስላገኘ ይደሰታል፤ የራሱን ሕዝብ ልብስ ሌላ ልጅ ለብሶበት የሚያለቅስም አይታጣም። መምህሯ "ሁሉም እኩል ያምራል" ትላለች። ልጆቹ ግን ላባው እንደሚበልጥ ያውቃሉ።

በወረቀት ላይ ጉዳዩ የተሟላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ጸድቋል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። ሁለተኛው አንቀጽ በማናቸውም ልዩነት ምክንያት በሕፃን ላይ አድልዎ እንዳይደረግ ይላል፤ 12ኛው ደግሞ ሕፃን በሚነካው ጉዳይ ሐሳቡ ይሰማ ይላል። ይህን 12ኛ አንቀጽ በምሳ ሰዓት የጠቀሰ ልጅ "ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ይባላል" የሚል መልስ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ደግሞ በ31ኛው አንቀጹ የሕፃኑን ግዴታዎች ይዘረዝራል፤ ወላጆችን ማክበርና መርዳትም ከውስጡ አለ። ከቻርተሩ ውስጥ ሌላ ምንም ያላነበበ ወላጅ ይህችን አንቀጽ እንደ ምንም ብሎ ያገኛታል።

በትምህርት ቤትም ለብዙ ዓመታት በተሰጠው የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት 11 እሴቶች በ11 ምዕራፍ ተከፍለው ይጠኑ ነበር፤ እኩልነት 3ኛው፣ ፍትሕ 4ኛው፣ ቁጠባ 9ኛው። ልጆች በቃላቸው ይይዙት ነበር። የቤት ሥራም ነበረው፤ "በቤታችሁ ውስጥ እኩልነት እንዴት እንደሚከበር በምሳሌ አስረዱ" የሚል ዓይነት።

በብዙ የከተማ ቤት ይህ የቤት ሥራ ይሠራ የነበረው ሳሎን ውስጥ፣ ምሳው በተነሣበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛውን የምትጠርገው ከገጠር የመጣች፣ ከልጁ በሦስትና በአራት ዓመት የምትበልጥ ልጅ ናት። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ሰው መቅጠር ይከለክላል፤ የቤት ውስጥ የግል አገልግሎት ግን ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ ነው። የቤቱ ሰዎች ክፉ አይደሉም። እንደ ልጃችን ነው የምናያት ይላሉ፤ ልብስ ይገዙላታል፣ የማታ ትምህርትም አስገብተዋታል። እንጀራዋን ግን የምትበላው ሁሉም ከበላ በኋላ ማድ ቤት ውስጥ፣ አነስተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው፤ የእሷን ድርሻ በእርሳስ የሚለካ የለም።

ልጁ እርሳሱን እየነከሰ "እኩልነት በቤት ውስጥ ምሳሌው ምንድን ነው?" ብሎ ይጮኻል፤ ለማንም ሳይሆን ለቤቱ በሙሉ።

"ምዕራፍ ሦስት ነው?" ትለዋለች ሶፍራውን እየጠቀለለች። እሷም አምስተኛ ክፍል ናት፤ ማታ። "በቤት ውስጥ ሥራን ያለ ፆታ ልዩነት ተከፋፍሎ መሥራት በል። እኛ ባለፈው ሳምንት ፈተና ላይ መጥቶብን ነበር።"

"ፆታ" በየትኛው "ጸ" እንደሚጻፍ ይጠይቃታል። በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ትጽፍለታለች፤ ጠረጴዛው ገና እርጥብ ስለሆነ ፊደሉ ትንሽ ይቆያል። ልጁ ገልብጦ ደብተሩን ይዘጋል። እሷ ሳህኖቹን ደራርባ ወደ ማጠቢያው ትሄዳለች፤ የማታው ክፍል በ12 ሰዓት ይጀምራል፤ ድስቱ ደግሞ ገና አልተፈተገም።